«ጤነኛ» የተባለው የምሕረት ዓይን

ለተከበሩ የትምህርት ቤቶች የዓይን ምርመራ ዘመቻ አስተባባሪ
ሰቆጣ

ለጤናዎ እንዴት ሰንብተዋል? በተለይ ዓይንዎ እንዴት ነው? እኔ ደግሰው የተባልኩ የጋዝጊብላ ገበሬ፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪዋ የምሕረት አባት ስሆን፣ ባለሙያዎችዎ ዓምና ትምህርት ቤታችን ድረስ መጥተው የዋሉልንን ውለታ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ይሆንብኛል ብዬ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ጽፌያለሁ።

1ኛ፦ የዓይን መለኪያ ሰሌዳውን ስድስት ሜትር አርቀው ሰቅለው መቶ ስልሳ ልጅ ከምሳ በፊት ስለጨረሱልን እናመሰግናለን። ምሕረት የመጨረሻዋ ረድፍ ምልክቶች ወዴት እንደዞሩ ሳትሳሳት በጣቷ ስላመለከተች «ዓይኗ ጤነኛ ነው» የሚል ባለማህተም ወረቀት ተሰጣት። እኔም ከመሬት ደብተራችን ጋር ጠቅልዬ አስቀመጥኩት፤ በሰንበቴ ቀን እንኳ አውጥቼ ለጎረቤት አሳይቼበታለሁ።

2ኛ፦ ሩቁን አጥርቶ የሚያይ ልጅ ቅርቡ ሊደበዝዝበት እንደሚችል፣ ይህም በደንብ የሚለካው ጠብታ ተደርጎለት ዓይኑ ካረፈ በኋላ መሆኑን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ጠብታው ግን ያስጠብቃል፤ መኪናውም ሞተሩን አስነስቶ ቆሞ ነበር። መጽሐፍ በእጇ ሰጥቶ «እስቲ አንብቢ» ያላት ሰው እንኳ አልተገኘም። የሥራ ብዛትዎን እንረዳለን።

3ኛ፦ ምሕረት መጽሐፍ በከፈተች ቁጥር ራሷን እንደሚያማት፣ ፊደሉም እንደሚደባለቅባት ስትነግረኝ፣ እኔ ከልጄ ቃል ይልቅ የእርስዎን ማህተም አመንኩ። መምህሯም ወረቀቱን አይተው ሰነፍ አሏት። ክፍሉን ደገመች። እኔ ገረፍኳት፤ ያውም ደጋግሜ።

4ኛ፦ ባለፈው ወር ሌላ ከተማ ወስጃት ሐኪሞች ጠብታ አድርገው ለኳት፤ ለሁለቱም ዓይኗ ፕላስ አራት የሚባል፣ ቅርቡን የሚያጠራ መነጽር ታዘዘላት። አሁን ታነባለች። እኔ ስጠጋ ግን ደብተሯን ዘግታ ትነሳለች፤ ይህም ያንገበግበኛል። ለዚህ የሚሆን መነጽር በቢሮዎ ካለ ቢልኩልኝ ውለታዎን አልረሳም።

በዚያው ቀን ጤነኛ ከተባሉት ልጆች መካከል ዛሬም በወረቀትዎ ምክንያት የሚገረፍ ሊኖር ስለሚችል፣ ተመልሰው በጠብታ እንዲለኩልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ማህተምዎን ከልጁ አብልጦ ያከበረው፣
ታዛዥዎ ደግሰው ኪዳኑ
ከጋዝጊብላ

ማሳሰቢያ፦ መልስ የሚጽፉልን ከሆነ እባክዎ በትልልቁ ጽፈው ከመንገዱ ማዶ ይለጥፉልን፤ ጤነኛ ያሏቸው ልጆች ከዚህ ሆነው ያነቡልናል።