የአቶ ይሄይስ በር

በቅድሚያ፣ የአቶ ይሄይስ አድማሴ የበር ጉበን ከቡሬ ጉበኖች ሁሉ ዝቅ ያለ መሆኑን ለተከበራችሁ ለቀስተኞች በታላቅ ትሕትና እናሳውቃለን። ግንባራችሁ ቀድሞ የነገራችሁም ትኖራላችሁ።

አቶ ይሄይስ ከአባታቸው ከአቶ አድማሴ ወልደ ሥላሴና ከእናታቸው ከወ/ሮ አስካለ ማርያም እጅጉ በ1937 ዓ.ም. ቡሬ አጠገብ በሚገኝ ገጠር ተወለዱ። ዳዊት ከደገሙ በኋላ ከተማ ገብተው አናጢነት ተማሩ፤ እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ የስንቱን ቤት በር ሰቀሉ። በ1962 ዓ.ም. ወ/ሮ ሥርጉት ገነነን አግብተው አንዲት ልጅ፣ ያምሮትን፣ ወለዱ።

የራሳቸውን ቤት ሲሠሩ ባለቤታቸውን መቃኑ መካከል አቁመው ጉበኑን በእርሳቸው ቁመት ልክ አሳረፉት። ወ/ሮ ሥርጉት አጭር ነበሩ፤ አቶ ይሄይስ ሸንበቆ። "አንች ቀጥ ብለሽ ግቢ፤ ማጎንበሱ ለእኔ ይሁን" አሉ። ግን ይረሱት ስለነበር፣ ኮቴያቸው በተሰማ ቁጥር ወ/ሮ ሥርጉት ከውስጥ "ጎንበስ" ይሏቸው ነበር።

በ1999 ዓ.ም. ወ/ሮ ሥርጉት ዐረፉ። ያምሮት ፍኖተ ሰላም ተድራለች። ከዚያ ወዲህ "ጎንበስ" የሚል ጠፋ። ቤቱ ውስጥ የሚናገረው ሬዲዮ ብቻ ሆነ፤ እርሱም ስለ ልማት እንጂ ስለ ጉበን አያውቅም።

በ2007 ዓ.ም. ጥር ላይ አፋቸው ተጣመመ፣ ግራ እጃቸውም ዛለ። ጎረቤት "ምች ነው" ብሎ በዳማከሴ አሻቸው፤ ሌላው "ስትሮክ ነው" አለ። ያምሮት ባሕር ዳር ወስዳ ኤምአርአይ አስነሣቻቸው። ምስሉ ሁለቱንም አስተባበለ፤ ከራስ ቅላቸው ሥር ቀስ በቀስ የተጠራቀመ ደም አንጎላቸውን ተጭኖት ኖሯል።

"አባቴ፣ ራስዎን ምን መታዎት?" አለ ሐኪሙ።

"በሬ።"

"እንግዲያው ይሽጡት፤ ደግሞ ከመታዎት አይተርፉም።"

"አይሸጥም።"

ያምሮት ግን አባቷ አንድም ከብት እንዳልነበራቸው ታውቃለች። ሐኪሙ የሚያርሰውን ሲያስብ፣ እርሳቸው የገዛ በራቸውን መናገራቸው ነበር።

ደሙ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ አፋቸው ተቃና፤ ቡሬ ተመለሱ። ያምሮት ጉበኑን ከፍ የሚያደርግ አናጢ ይዛ መጣች። አባቷ አናጢውን ምሳ ጋብዘው ሸኙት።

በ2008 ዓ.ም. በጥቅምት በሩ ዳግም መታቸው፤ ኅዳር 19 ቀን ዐረፉ። ዛሬ አስከሬናቸው ሲወጣ ተሸካሚዎቹን "ጎንበስ" ያለቻቸው ያምሮት ናት።

አንዲት ልጅና ሁለት የልጅ ልጆች ትተዋል። ጠባብ በር ለለመደች ነፍሳቸው አምላክ ሰፊ ማረፊያ ያድልልን።

ጉበኑ ለምን እንደማይነሣ ያምሮት በመጨረሻው ሰሞን ጠይቃቸው ነበር።

"የእናትሽ ቁመት ነው፤ አይነካም አልሁሽ" አሉ።