ስክሪኑን ደብቄ ሳጥኑን የሰጠሁ ጊዜ

ለምወድህ ለምህረት አባት፤

ከተለያየን ሁለት ዓመት ሊሞላ ሦስት ሳምንት ቀረው። እንዴት ከረምክ ብዬ አልጠይቅህም፤ አንተ ያለህበት ክረምትም በጋም የለም ይላሉ። እኔ ግን ከርሜያለሁ። ዝናቡ ሲያባራልን የዳሞታ ተራራም ከጉሙ ብቅ ብሏል፤ ከተማችን ሶዶም ጭቃዋን ማራገፍ ጀምራለች። ደህና ነኝ። ዛሬ ደግሞ ከደህናም በላይ ነኝ፤ ምክንያቱም ይህን የምጽፍልህ በእስክሪብቶ አይደለም። በራስህ ኮምፒውተር ላይ፣ በራስህ ወንበር ተቀምጬ፣ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ነው። ሳቅህን ያዝ። አንተ አስሩንም ጣትህን ስታዘንብባት እኔ አጠገብህ የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ አንድ ቀን እንኳ ንኪያት ብለኸኝ ነክቻት አላውቅም ነበር።

ከዚህ ለመድረስ ግን ምን እንዳደረግኩ መናዘዝ አለብኝ። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው።

አንተን ከቀበርን በኋላ ታላቅ እህትህ እትዬ ታደለች ከጉኑኖ መጥታ አርባ ቀን አብራን ተቀመጠች። ልትሄድ ስትል የወንድሜን አንድ ማስታወሻ ስጡኝ አለች። ወግ ነው፣ አይነፈግም። እኔም አየሁ፣ አሰብኩ፣ ተንኮሌ መጣ። ኮምፒውተሩ ሁለት ነው፤ አንዱ ጽሑፍህን የማይበት ስክሪን፣ ሌላው ከጠረጴዛው ሥር ሲያጓራ የኖረው ቆርቆሮ ሳጥን። በየዓመቱ ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ የምትጽፋቸው ገጾች ሁሉ ስክሪኑ ላይ ሲበሩ አይቻለሁ እኮ! ስለዚህ ስክሪኑን ዳንቴል አልብሼ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት፣ ያንን ባዶ የመሰለኝን ሳጥን በነጠላ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ይኸው የወንድምሽ ነገር ዋናው ይሄ ነው አልኳት። እሷ እያለቀሰች አቀፈችው። እኔ በልቤ ሞኟን አገኘኋት አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ለካስ የተናገርኩት እውነቱን ነበር።

ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ስክሪኑን በየቅዳሜው ወለወልኩት። ባለፈው ነሐሴ ላይ ልጅህ ምህረት ከአርባ ምንጭ ለእረፍት መጣች። አሁን እዚያ ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ እንደ ደብተር የሚታጠፍ ላፕቶፕ በቦርሳዋ ይዛ ትዞራለች። ጊፋታ ሲደርስ የአባቴን ገጾች እናንብብ አለችኝ። እኔም ኩራት ብሎኝ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩና ዳንቴሉን ገለጥኩ። ልጅቱ ወደ ኋላው አየች፣ ወደ ሥሩ አየች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ሳጥኑስ አለችኝ። ለአክስትሽ ሰጠኋት አልኳት። "እማዬ፣ ይሄ እኮ መስታወት ማለት ነው። መስታወቱን አስቀምጠሽ ሰውየውን ሸኘሽው!" አለችና መሬት ላይ ቁጭ አለች።

እኔም ቁጭ አልኩ። የጊፋታ ገጾችህ ሌላ ቅጂ የላቸውም። ምህረት ከተወለደችበት ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ አንድ ገጽ፣ በሬውን ከማን ጋር ተካፍለን እንዳረድን፣ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደተጣላና እንደታረቀ፣ እናትህ ምን ብላ እንደመረቀችን። እኔ በተንኮሌ ያንን ሁሉ አሳልፌ ሰጠሁ። ሳጥኑ ተሸጦ ቢሆንስ? ለቆርቆሮ ተፈታቶ ቢሆንስ?

በማግሥቱ ሁለታችንም ጉኑኖ ሄድን። ሚኒባሱ ውስጥ የምናገረውን እየደጋገምኩ አጠናሁ። እትዬ ታደለች በር ላይ ስታየኝ በደስታ ጮኸች፣ ይህ ደግሞ ይበልጥ አሳፈረኝ። ሳጥንህ ሳሎኗ ውስጥ ነበር! ባለ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ፣ ላዩ ላይ ለጊፋታ የምታጠራቅምበት የቅቤ እንስራ ተቀምጦ። ወንድሜ ቅቤ ይወድ ነበር፣ ሽታው እንዳይርቀው ብዬ ነው አለች። እኔ ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። እግሯ ሥር ተቀምጬ ሁሉንም እንዳለ ነገርኳት፤ የተሻለውን ለራሴ ያስቀረሁ መስሎኝ እንደነበር ጭምር።

  እሷ ሻሿ እስኪወልቅ ሳቀች። "ወንድሜ፣ ሚስቴ የበዓሉን ቅቤ ከእኔ ትደብቃለች ሲል ስምሽን የሚያጠፋ ይመስለኝ ነበር፤ እሱንም ደብቀሽብኝ ኖሯል!" አለች። ሳጥኑን ውሰጂ፣ ግን በአንድ ነገር፤ ዘንድሮ ገጾቹ የሚነበቡት እኔ ቤት ነው አለች። እሺ አልኩ። 

ሶዶ ስንመለስ በቀጥታ መናኸሪያው አጠገብ ካለው የኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ወሰድነው፤ አቶ ዳዊት ይባላል፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ መነጽሬ የት ገባ የሚል ሰው ነው። ክዳኑን ሲከፍት ቤቱ ሁሉ ቅቤ ቅቤ ሸተተ። ውስጡን አየና ይሄ ሳጥን ከቆርቆሮው በቀር አንድም የመጀመሪያ አካል የለውም አለ። እኔ ግን አልገረመኝም፤ ሁሉንም አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ከመሥሪያ ቤት ሲወገድ ስታመጣው ስክሪኑ ኋላው እንደ ዱባ ያበጠ ነበር፣ ሁለታችንም ተሸክመነው በሩ አላስገባ ብሎን ነበር። ፋይልህን በዚያች ስስ አራት ማዕዘን ፍሎፒ ይዘህ ትሄድ ነበር። ከዚያ ፍላሽ መጣ፣ ከዚያ ዱባው ሄዶ ጠፍጣፋው ስክሪን መጣ። አንድ ዓመት ራም ጨመርኩለት ብለህ እንደ ወለደ ሰው እየዞርክ አወራህ። እኔም ኮሌታ ገልብጬ፣ ክርን ጥፌ፣ ገበር ቀይሬ ያው ያንተ ኮት ነው ብዬ የምመልስ ሴት ነኝ፤ ነገሩ ይገባኛል። ኮት ኮት የሚሆነው ለባሽ እስካለው ድረስ ነው።

አቶ ዳዊት ዋናውን ሰሌዳ በሌላ ለወጠው፣ ራም ጨመረበት፣ ኤስኤስዲ የሚሉትን እንደ ብስኩት የሳሳ አዲስ ማስቀመጫ ገጠመበት። አሮጌውን ዲስክህን ግን አልጣለውም፣ ጎን ለጎን አስቀመጠው። ከዚያ የኔን ስክሪን ሰካለት። ሁለት ዓመት ገደማ ተለያይተው የነበሩት ተገናኙ ማለት ነው። አንተ ቁልፉን ተጭነህ፣ ፊትህን ታጥበህ፣ ጫማህን አስረህ ስትመለስ ገና ይንደረደር የነበረው፣ አሁን ሳልቀመጥ ተነስቶ ይጠብቀኛል። ጩኸቱም ጠፋ። እውነት ለመናገር ያ ወፍጮ የመሰለ ድምፁ ትንሽ ናፈቀኝ።

ግን ደስታችን ወዲያው ተቋረጠብን። ገጾችህ ሲከፈቱ አማርኛው የለም! በፊደልህ ቦታ ላይ ነጥብና ጭረት፣ ጉንዳን የሄደበት ዱቄት የመሰለ ነገር ተበትኗል። እኔ ቅቤው ገብቶበት ነው ብዬ ልጮህ ስል ምህረት ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈች። በየገጹ መጨረሻ አንድ አንድ መስመር ደህና ነበረ። የእናትህ ምርቃት ነው። እሷ በወላይትኛ የመረቀችውን በላቲን ፊደል ስለጻፍከው አዲሱ ማሽን አነበበው። "ጦሳይ ኑና አንጆ።" እግዚአብሔር ይባርከን። በየዓመቱ ከዚያ ሁሉ ጉንዳን መሐል የእሷ ቃል ብቻ ቆሞ ጠበቀን። አቶ ዳዊት እንኳ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ።

ምክንያቱን እሱው አስረዳን። የዚያን ጊዜው የአማርኛ ፊደል፣ ፎንት የሚሉት፣ ለአሮጌው ማሽን የተሠራ ነው፣ አዲሱ አያውቀውም፤ አሮጌው ፊደል ካልተገኘ አይነበብም አለ። ፈልጎ ፈልጎ ያገኘው የት ይመስልሃል? በራስህ አሮጌ ዲስክ ላይ። እንኳን አልጣልነው! ፊደሉን ወደ አዲሱ ሲያሻግረው ጉንዳኑ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሰልፍ ይዞ አንተን ሆነ።

አይ አንተ ሰውዬ። "ምህረት ዘንድሮ የፊት ጥርሷ ወልቋል፣ ሥጋውን በድዷ ታገለችው።" "በሬው ገመዱን በጥሶ አስፋልት ላይ ወጣ፣ ሾፌሮቹ ሁሉ አጃቢ ሆኑለት።" በየገጹም፣ በየገጹም ሳትዘል፣ ከሴቶች ጋር ለበዓሉ የማጠራቅመውን የእቁብ ቅቤዬን የት እንደደበቅሁ! አንድ ዓመት ጤፉ ውስጥ፣ አንድ ዓመት ስፌት መኪናዬ ሥር፣ አንድ ዓመት ጎረቤት ቤት። ሁሉንም ታውቀው ነበር፤ አውቀህም በዓሉ እስኪደርስ አንዴም ነክተኸው አታውቅም። እኔ የማታውቅ መስሎኝ ሃያ ስድስት ዓመት ተኮፈስኩ።

የመጨረሻው ገጽ ግን አላለቀም። በተለያየንበት ዓመት የጊፋታ ዋዜማ ጀምረኸው ነበር፣ ያመመህም ያኔ ነው። የተጻፈው "ዘንድሮ ቅቤው" ይልና ይቆማል። ከዚህ ወዲያ ነጭ ነው። ምህረት፣ ዘንድሮ ቅቤው በዛ ሊል ነው፣ ትላለች። እትዬ ታደለች በስልክ ስናነብላት፣ የት እንደተደበቀ ሊያጋልጥሽ ነበር አለችኝ። እኔ እንጃ። ያን ዓመት የደበቅሁበትን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ምህረት ገጾቹን ሁሉ አሁን በሁሉም ማሽን ወደሚነበብ ፊደል እየመለሰቻቸው ነው፤ አንዱ ቅጂ በላፕቶፗ፣ አንዱ በፍላሽ፣ አንዱ እዚሁ ሳጥንህ ውስጥ። ሌላ ጊዜ ሌላ ማሽን ይመጣል፣ ይህኛውም ዱባ ይባላል። ይምጣ። እኛ እንደ ኮት ገበር እየቀየርን እናሻግርሃለን። በየጊፋታው አንድ ገጽ እጽፋለሁ፤ ጣቶቼ እስኪለምዱ ገጹ ያጥራል እንጂ አይቀርም። የልጅህ ልጆች ያነቡታል፣ የእናትህንም ምርቃት ከመጨረሻው አልነቅለውም።

እሁድ ጊፋታ ነው፤ ጉኑኖ ሁላችንም አለን። አሁን ይህን ወረቀት እዘጋና ያንተን ገጽ እከፍታለሁ። ጠቋሚዋ አንተ ካቆምክበት ቃል አጠገብ ብልጭ ድርግም እያለች ትጠብቀኛለች። የምቀጥለውን ለአንተ አስቀድሜ ልንገርህ፤

ዘንድሮ ቅቤው አልተደበቀም። በጠራራ ፀሐይ፣ ሚኒባስ ውስጥ በጭኔ ላይ ሆኖ፣ ጉኑኖ ይወርዳል።

የምህረት እናት