ዘጠኝ ከአሥር

ሚዛን አማን
የካቲት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሆሳዕና፤

ይህ ደብዳቤ አጋሮ ሲደርስ ከባለቤትሽና ከልጅሽ ጋር በጤና ያግኝሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ስልክሽን የማላነሳው ጆሮዬ እየደከመ ስለ መጣ ነው፤ ጎረቤቴ አሰጋሽ ነግራሽ ይሆናል። የምጽፍልሽ አንድ እርማት ስላለብኝ ነው።

ከቤታችን ጀርባ ያለውን ትልቁን የቀረሮ ዛፍ ታስታውሺዋለሽ። በታኅሣሥ መጨረሻ ሁለት ትልልቅ ወፎች ግንዱ ላይ ያለውን ቀዳዳ ያዙት። ሰፈርተኛው እርኩም ይላቸዋል። ስሕተት ነው፤ እርኩም መሬት ለመሬት የሚሄደው ነው፣ የእነዚህ ኑሮ ዛፍ ላይ ነው። ጀርባቸው እንደ ተወለወለ ጫማ ጥቁር ነው፤ ሆዳቸው ነጭ፤ ጉንጫቸው ላይ እንደ እኔ ሽበት አለባቸው። የወንዱ ምንቃር ላይ ሌላ ምንቃር እንደ ቀንድ የተደረበበት ይመስላል። የሴቷ አነስ ይላል።

በሟች አባትሽ የርቀት መነጽር ከመስኮቴ ስመለከታቸው ሰነበትሁ። ወንዱ ጭቃ እያመጣ ያቀብላል፤ እሷ ከውስጥ ሆና በምንቃሯ ጎን ትመርጋለች። በመጨረሻ ምንቃር ብቻ የሚያሳልፍ ስንጥቅ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አልወጣችም። እሱ ጎሮሮውን በሾላ ፍሬ ሞልቶ ይመጣና አንድ በአንድ ያጎርሳታል።

ይህን ካየሁ በኋላ ሳጥኔን ከፈትሁ። የስድስተኛ ክፍል የሳይንስ ፈተናሽ አለ። ስለዚሁ ወፍ የሚጠይቀው ሰባተኛው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ወንዱ ሴቷን ጎጆዋ ውስጥ ይዘጋባታል። እውነት ወይስ ሐሰት?» ሐሰት ብለሻል። በቀይ ኤክስ አድርጌበታለሁ።

«እማዬ፣ ከአባባ ጋር ጫካ ሄደን አይቻለሁ። ራሷ ናት የምትዘጋው» ብለሽኝ ነበር።

«ክፍል ውስጥ እማዬ የለም። ያስተማርሁሽን ጻፊ» አልሁሽ። ዘጠኝ ከአሥር ሰጠሁሽ። ጡረታ እስክወጣም ድረስ ያንኑ አስተማርሁ።

ሻሚልን አግብተሽ የሄድሽ ጊዜም፣ «ልጄን ወስዶ በሩን ዘጋብኝ» ብዬ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ተናገርሁ። ሰዉም እንደ ተማሪ ተቀብሎ አሥራ አራት ዓመት ሲደግመው ኖረ። አንቺ ግን አንድም የገና በዓል ሳትደውዪ አላለፈም።

ጉልበቴ ካስቸገረኝ ወዲህ አሰጋሽ ምሳዬን በመስኮት ታቀብለኛለች። መምህርት በይኝ ብላትም ቲቸር ማለቷን አልተወችም። ትናንት መነጽሩን ሳነሣ፣

«ምን መጣ?» አለችኝ።

«ወንዱ። ክንፉ ይሰማኛል፤ ገና ከወንዙ ማዶ ነው።»

«እኔ ምንም አልሰማሁም» አለችና ጥቂት ቆይታ ቀና አለች። ወፉ በጣራችን ላይ አለፈ። «ቲቸር፣ የወፍ ክንፍ ከወንዝ ማዶ የሚሰማ ጆሮ፣ እጅ ሥር ያለ ስልክ አይሰማም?»

«የትናንቱን ሳህን ውሰጂ» አልኋት።

«እርስዎና ወፏ እኮ አንድ ናችሁ። እሷን የምለያት በቀንዷ ነው» ብላ እየሳቀች ሄደች።

ምሳውን እስኪቀዘቅዝ አልበላሁትም።

ልጅሽ ላምያ ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ገብታለች ሲሉ ሰማሁ። መልኳን አላውቀውም። ሚያዝያ ላይ ጫጩቱ ሲደርስ እናቲቱ ጭቃውን ራሷ ሰብራ ትወጣለች ይላሉ። እኔ ያላየሁትን ከእንግዲህ አላስተምርም፤ ላምያ መጥታ ትይና ትንገረኝ። ሻሚልም ይምጣ። መነጽሩ አንድ ስለሆነ ተራ መጠበቅ አለባችሁ።

ፈተናሽን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ዘጠኙን ሰርዤ አሥር ብዬበታለሁ፤ ያለ ፊርማ ስርዝ ስለማይጸና አጠገቡ ፈርሜበታለሁ።

ጌታ አንቺንም ቤትሽንም ይጠብቅ። ለመንገዳችሁም ሰላም ይስጥልኝ።

እናትሽ አማረች

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ስልኩን ራስጌዬ አድርጌዋለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው።