በቤቷም በጤና ጣቢያም ያልሞተችው ሰሊሃ

ለተከበሩ የወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ አሰላሙ አለይኩም። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በየሩብ ዓመቱ እያማረበት የሚሄደው ሪፖርትዎም እንደምን ሰንብታችኋል? እኛ የቀይ ዳገት ቀበሌ ሰዎች፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከሞቱት በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ደብረ ብርሃን አዳራሽ ውስጥ ባቀረቡት ሪፖርት፣ በአገራችን በወሊድ የሚሞቱ እናቶች ቁጥር ከዓመት ዓመት እየቀነሰ መሆኑን፣ ቀይ ዳገት ደግሞ ከሁሉም ቀድማ ዜሮ መግባቷን ገልጸዋል አሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እኛ ይህን የሰማነው ከሬዲዮ ነው። ሬዲዮው ሲያወራ ታናሽ እህቴን ሰሊሃን ከቀበርን አሥራ አንድ ቀናችን ነበር። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ከፋፍዬ ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ትራንስፖርቱ። ሰሊሃን ምጥ የያዛት በገበያ ቀን ረፋዱ ላይ ነው። ብንደውል አምቡላንሱ ስብሰባ ሄዷል ተባልን፤ መኪና እንደሚሰበሰብ ያን ቀን ተማርኩ። እኔ የቀበሌው ቃሬዛ ተሸካሚዎች ሰብሳቢ ነኝና ስምንት ሆነን በሸንበቆ ቃሬዛ ተሸክመናት ዳገቱን ተያያዝነው። ጎረቤታችን ወልደኪዳን ከፊት ማርያም ማርያም እያለ፣ እኔ ከኋላ ያ አላህ እያልኩ ሦስት ሰዓት ሙሉ ወጣን። የጤና ጣቢያው ቆርቆሮ ከሩቅ ሲታየን እጇ ከቃሬዛው ወርዶ ተንጠለጠለ። ደሟ ሽርጤን አርሶት ነበር። ወይ ነዶ! ሲወጣ የምጥ የነበረው ቃሬዛ ሲወርድ የጀናዛ ሆነ፤ ከነልጇ መልሰን ቀበርናት።

ሁለተኛ፣ ስለ ቅጹ። ሞቷን ላስመዘግብ ብሄድ፣ ሠራተኛዎ በትሕትና እንዳስረዱኝ ቅጹ ያለው ሁለት ሳጥን ብቻ ነው፦ ቤት ውስጥ የሞተች፣ ጤና ተቋም ውስጥ የሞተች። ቀበሌያችን ከቤት ውስጥ ወሊድ ነፃ ተብሎ ባንዲራ ስለተሰቀለለት ቤት ተብሎ አይጻፍም፤ ጤና ጣቢያውም ደጁን ያልረገጠች እናት ሞተችብኝ አይልም። መንገድ የሚባል ቦታ ደግሞ ቅጹ ላይ የለም። ሆኖም እህቴ ጨርሳ አልተረሳችም፤ «የባህላዊ አምቡላንስ አገልግሎት ያገኙ እናቶች» በሚለው ተራ አንድ ተብላ ተቆጥራለች። ስለተሰጣት አገልግሎት፣ በተሸከማት ትከሻዬ ስም አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ ብዬ ምስጋናዬን ልቀጥል ነበር፤ አልቻልኩም። ባለቤቴ ነጅዋ ስምንተኛ ወሯን ጨርሳለች። አምቡላንሱ ይህን አንድ ወር የመኪናው መንገድ ጫፍ ላይ እንዲቆምልን ብንለምን፣ የእናት ሞት ለሌለበት ቀበሌ ቅድሚያ አይሰጥም ተባልን። ክቡር ሆይ፣ ዜሮው ለእርስዎ ጭብጨባ አመጣልዎ፤ ከእኛ ግን መኪናውን ወሰደብን። ቤቷ ትውለድ እንዳልል ቅጣት አለው፤ ልሸከማት እንዳልል መንገዱን አውቀዋለሁ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ፈርቻለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰሊሃ ሞታለች ብለው ይጻፉልን። የእሷ ሞት ከተጻፈ ለነጅዋ መኪና ይመጣ ይሆናል።

ዳገታችንን ሳይወጡት ላወቁት ክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለወንበርዎም ጽናት እየተመኘሁ፣ ትከሻዬ በፈቀደልኝ መጠን ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ጃፈር ሐቢብ
የቀይ ዳገት ቀበሌ ቃሬዛ ተሸካሚዎች ሰብሳቢ
ሞታ ያልሞተችው የሰሊሃ ወንድም

ማሳሰቢያ፦ ሰሊሃን ስናወርድ የቃሬዛችን አንዱ ሸንበቆ ተሰንጥቋል። ምትክ ብንፈልግ ቁመቱ ልክ ሆኖ የተገኘው ከቤት ውስጥ ወሊድ ነፃ የተባልንበት ባንዲራ የተሰቀለበት ዘንግ ስለሆነ፣ ይቅርታዎን እየጠየቅን ነቅለነዋል። ባንዲራውን አልጣልነውም፤ አጥበን አጣጥፈን አስቀምጠነዋል። ነጭ ጨርቅ ነውና ለሕፃን መጠቅለያም፣ ለከፈንም ይሆናል። የትኛው እንደሚሆን የሚያውቀው አላህ ነው፤ ከእርሱ በታች ደግሞ የእርስዎ ሾፌር።