ዋስ የሌለው ምንሽር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ በላይ ጠመንጃ ሊገዛ ነው። ያውም ከማያውቀው ሰው፣ ያውም በስልክ። ዛሬ ከሥራ ስወጣ ደውሎ ነገረኝ። የትምህርት ቤቱን ኩሽና ዘግቼ መኪናዬ ውስጥ ገና መቀመጤ ነበር። ሞተሩን ሳላስነሳ ሰማሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ ሲያርፍ ሁለታችንም ጎጃም መድረስ አልቻልንም። እኔ እዚህ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወንድሜ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ሆነን ቀብሩን በስልክ አየነው። በእኛ አገር ወግ የሟች ጠመንጃ ለቅሶው መሀል ይወጣል። የአባባ ምንሽር ግን ድሮ ተሸጧል፤ ጋሼ በላይ ዲቪ የደረሰው ጊዜ ለአውሮፕላኑ ቲኬት። ስለዚህ የጎረቤት ጠመንጃ ተውሰው አወጡ። ጋሼ ያንን ቪዲዮ ስንቴ እንዳየው እንጃ። "አባቴ በውሰት ጠመንጃ ተለቀሰለት" ይላል።

ዐርባው ቅዳሜ ነው፣ እሱ ቤት። በዚያ ቀን ከአባባ ፎቶ አጠገብ ምንሽር እንዲቆም ይፈልጋል። አሮጌ ጠመንጃ የሚሰበስቡ ሰዎች ገጽ ላይ አንዱ ልክ የአባባን የመሰለ ለጥፏል። ዋጋው ሌላው ከሚጠይቀው ግማሽ ነው። ሱቅ ምናምን አያስፈልግም፣ ቤትህ ድረስ እልክልሃለሁ ብሎታል። ብቻ ሐሙስ እስኪመሽ ድረስ መከፈል አለበት። ካልሆነ ሌላ ገዢ አለ።

በድምፅ አነጋግረኸዋል ወይ አልኩት። አላነጋገረውም። ሰውዬው መጻፍ እንጂ መናገር አይወድም፤ ጉሮሮውን ታሟል።

"ጋሼ፣ ይሄ ነገር አልጣመኝም" አልኩት።

እሱም ምን አለኝ፣ "የአባቴን ሞት ነግሬዋለሁ። ዐርባው ቅዳሜ መሆኑን ነግሬዋለሁ። 'አዝናለሁ፣ ነፍሱን ይማር' ብሎ ጽፎልኛል። ለቅሶዬን የደረሰ ሰው እንዴት አድርጎ ያታልለኛል?"

እውነትም ለቅሶ የደረሰ ሰው ይከበራል፤ ከተጣሉት ጋር እንኳ የሚታረቁት በለቅሶ ነው። ይሄ ሰውዬ ግን ለቅሶ አልደረሰም። አንድ መስመር ጻፈ። ወንድሜ አንዷን መስመር እንደ ለቅሶ ጉዞ ቆጠረለት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብቻዬን ጮክ ብዬ "አይሆንም" አልኩ። የወንድሜን ሐዘን ማንም አይነግድበትም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ልጆቹ ምሳ በልተው እንደወጡ ትሪዎቹን ሳላነሳ ገጹን ከፈትኩት። የሰውዬው ገጽ የተከፈተው በቅርብ ነው። ጓደኛ የለው፣ ዘመድ የለው። ክፍያ የሚቀበለው በጊፍት ካርድ፣ ከሱቅ በሚገዛ የስጦታ ካርድ፣ ወይም አንዴ ከተላከ በማይመለስ መንገድ፤ ያውም ሲላክ "ለጓደኛ የተላከ" ተብሎ ይጻፍልኝ ይላል። ምኑ ነው ጓደኝነቱ? ከዚያ ፎቶዎቹን ፈለግኳቸው። ያው ምንሽር፣ ያው ብርድ ልብስ፣ በሌላ ሰው ስም ሌላ ቦታ ተለጥፎ አገኘሁ። ከሥሩ "ተሸጧል" ይላል፤ የቆየ ነገር ነው።

ለጋሼ ደወልኩ። ምናልባት ያም እሱ ይሆናል፣ በፊት ለጥፎት ይሆናል አለኝ። ሰው ማመን ሲፈልግ ጠበቃም ይሆናል።

ስለዚህ ፈተና አወጣሁ። ጠመንጃው እውነት እጁ ላይ ካለ የአባባን ስም ወረቀት ላይ ጽፎ፣ አጠገቡ አስቀምጦ ፎቶ አንስቶ ይላክ። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ጋሼ እሺ አለኝ። ኮርቼ ትሪዎቼን አጠብኩ።

አመሻሽ ላይ ፎቶው መጣ። ጋሼ አስተላለፈልኝ፤ ምስሉ ሳይከፈትልኝ ራሱ ደወለ። እያለቀሰ ነው።

"የአባባን ስም ተመልከቺ። ከጠመንጃው ጋር።"

አየሁት። ምንሽሩ ተጋድሟል፤ አጠገቡ የተጨማደደ ነጭ ወረቀት፤ ወረቀቱ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል "ተሰማ"። እኔም ለምን እዋሻለሁ፣ አለቀስኩ። ፊቴን ታጥቤ መጥቼ እንደገና አጉልቼ ሳየው ነው የገባኝ። ወረቀቱ ተጨማድዷል፣ ፊደሎቹ ግን አልተጨማደዱም። እጥፋቱ ውስጥ አይገቡም። ከላይ በኮምፒውተር የተደረቡ ናቸው።

መልሼ ደውዬ ነገርኩት። "የአባቴን ስም አይተሽ ትጠራጠሪያለሽ?" ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። በዕድሜዬ ስልክ ዘግቶብኝ አያውቅም።

ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። ሰውዬው የአባባን ስም አያውቅም ነበር። ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ቀኑ ዛሬ ነው። ጠዋት ጋሼ ቴክስት አደረገልኝ፤ "ማታ እከፍላለሁ፣ ቃሌን ሰጥቻለሁ" ይላል።

በምሳ ሰዓት ፓርኪንግ ውስጥ ቁጭ ብዬ ቨርጂኒያ ያለ አንድ የጠመንጃ ሱቅ ደወልኩ። እኔ የተሰማ ልጅ፣ ጠመንጃ ሱቅ! ያነሳችው ሴት ናት፤ ገና ግማሹን ስነግራት ቀሪውን እሷ ጨረሰችልኝ። ዋጋው ግማሽ ነው አይደል? ስልክ አያነሳም አይደል? ቤት ድረስ እልካለሁ አለ አይደል?

ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ከሌላ ስቴት፣ ከማይታወቅ ሰው የሚገዛ ጠመንጃ ቤት አይመጣም። ፈቃድ ወዳለው ሱቅ ይላካል፤ ገዢው እዚያ ሄዶ መታወቂያ ያሳያል፣ ፎርም ይሞላል፣ ይጣራል፣ ካለፈ ይወስዳል። የምጠይቀው ጥያቄም አንድ ብቻ ነው፤ "ወደ ሱቁ ትልከዋለህ?" እውነተኛ ሻጭ እምቢ አይልም አለች። ጠመንጃው ማን እጅ እንደሚገባ ማወቅ ለእሱም ይበጀዋል።

ይሄን ስትል አባባ ትዝ አለኝ። ምንሽሩ የተሸጠ ዕለት ልጅ ነበርኩ፤ ደጃፉ ላይ ቆሜ አያለሁ። ገዢው ብሩን አሟልቶ በእጁ ይዞ መጥቷል። አባባ ዋስ ጥራ አለው። ሰውዬው ተናደደ፣ ብሩ ይኸው ሙሉ ነው፣ የምን ዋስ? አባባም፣ ብሩን አልጠረጠርኩም፣ ምንሽሬ የት እንደሚያድር የሚያውቅልኝ ሰው ፈልጌ ነው አለው። ገዢው "እግዜር ዋሴ ነው" ብሎ እጁን ወደ ሰማይ አነሳ። አባባ ሳቀ። "ክፉ ነገር ቢመጣ የእግዜርን በር የት ብዬ ላንኳኳ? የመንደር ሰው ጥራልኝ።" ሰውዬው ሄዶ አጎቱን ይዞ መጣ፤ ምንሽሩም ያኔ ተሰጠው።

ከሥራ እንደወጣሁ በቀለበት መንገዱ፣ በቤልትዌዩ፣ ወደ አሌክሳንድሪያ። ድልድዩ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሟል። ሰዓቱ ከተቀየረ ወዲህ በአሥራ አንድ ሰዓት ጨለማ ነው። መንገዱን ሙሉ ንግግር ሳዘጋጅ ሄድኩ፤ ፊደሎቹ፣ ወረቀቱ፣ እጥፋቱ፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል።

ጽጌ፣ ሚስቱ፣ በሩን ከፈተችልኝ። በዓይኗ ወደ ውስጥ አመለከተችኝ። ከትናንት ጀምሮ ስልኩን ከእጁ አላወጣም አለች።

ሶፋው ላይ ተቀምጧል። ቀና ብሎም አላየኝ። የተዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ፤ ታላቅ ወንድሜ ነው፣ በምን አፌ ነው ተሞኝተሃል የምለው? አጠገቡ ተቀመጥኩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት።

"ጋሼ፣ ሻጩ ዋስ አለው?"

"የምን ዋስ?"

የሱቁን ነገር ነገርኩት። እዚያ ይላከው፣ ሱቁ ዋስ ይሁነን አልኩት። ስለ ፎቶው አንድም ቃል አልተናገርኩም። በአንድ ጣቱ፣ ቀስ እያለ፣ የሱቁን ስም ጻፈለት።

መልሱ ወዲያው መጣ። ጉሮሮው ቢታመምም ጣቱ ጤነኛ ነው። ጋሼ እየተረጎመ ጮክ ብሎ አነበበልን። ሱቁ ቀን ይበላብሃል ይላል። የአባትህ ቀን ያልፍብሃል ይላል። እንደ ወንድም አይቼህ ነበር ይላል። "ደግሞ... እግዜር ዋሴ ነው ይላል።"

እዚህ ላይ ቆመ።

ያን ዕለት ጋሼም ደጃፉ ላይ ነበር፤ እንዲያውም ምንሽሩን ከግድግዳው አውርዶ ያመጣው እሱ ነው። የዚያን ዕለት ነገር እኔ አላነሳሁበትም፣ አንድ ቃል አልወጣኝም።

"የማንን በር ላንኳኳ?" አለ ጋሼ። የአባባ ድምፅ ነው የወጣው።

ስልኩን ደፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ አለቀሰ፤ እንደ አገር ቤት፣ ድምፅ አውጥቶ። አባባ ከሞተ እንዲህ ሲያለቅስ የመጀመሪያው ነው። እኔና ጽጌ ዝም በል አላልነውም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

ሰውዬው ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም። መጀመሪያ ዋጋ ቀነሰ። ቀጥሎ ተሳደበ። ከዚያ እንደገና ነፍሱን ይማር። ጋሼ "ብሎክ አደረግኩት" ብሎ ደወለ። እኔ ደግሞ ገጹን ሪፖርት አደረግኩ፤ ፎቶዎቹ የተሰረቁበትን ቦታም አያይዤ ላክሁ። ይሰማሉ አይሰሙም እንጃ። ነገ ሌላ ስም ይዞ ይመጣል፣ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይሄኛውን ስም ይጣል።

ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው የዋልኩት። ያደረግኩት ነገር ደስ ሊለኝ ሲገባ አላለኝም። ነገ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፤ የአባባን ማንነት የሚያውቁ ናቸው፤ ጠመንጃውስ ማለታቸው አይቀርም። ጋሼ ባዶ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ ምን ይላቸዋል? ገንዘቡን አዳንኩለት። ያ የውሰት ጠመንጃ ግን አሁንም ልቡ ውስጥ እንደቆመ ነው። ይሄን ምን እንደማደርገው አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቀትር በኋላ ጋሼ ቤት። ወንበር ከጎረቤት ሁሉ ተለቅሞ አልበቃም። የአባባ ፎቶ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። አጠገቡ ቦታ ተትቷል። ጋሼ ራሱ ነው የተወው፤ ጽጌ አበባ ልታስቀምጥበት ስትል ተይው አላት።

የፈራሁት አልቀረም። አቶ ታረቀኝ በልተው እጃቸውን እንደታጠቡ ፎቶውን ትክ ብለው አዩ። የእኛ አገር ሰው ናቸው፤ ከአባባ ጋር አብረው አድገዋል።

"በላይ፣ የአባትህ ጠመንጃስ?"

የያዝኩትን ትሪ የት እንደማስቀምጥ ጠፋኝ።

ጋሼ ተነስቶ ቆመ። "ዋስ አጥቶ ቀረ" አላቸው።

መጀመሪያ የሳቁት አቶ ታረቀኝ ናቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። "የተሰማ ልጅ ነህ" አሉት። "ምንም አልቀረህ።"

ከዚያ ጋሼ ሁሉንም ተናገረ። ለማያውቀው ሰው የአባቱን ሞት መንገሩን፣ ነፍሱን ይማር መባሉን፣ የአባቱ ስም በኮምፒውተር መደረቡን፣ ለቅሶዬን ደርሷል ብሎ ማመኑን፣ አንድም ሳይደብቅ። እኔንም ጠቀሰኝ፤ ትሪው ሊወድቅብኝ ነበር። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው እኔም አምና ሽጉጥ ብዬ እንዲሁ ተበልቻለሁ፣ ለሚስቴ እንኳ አልነገርኩም አለ። ሚስቱ አጠገቡ ነች።

ሳቁ ሲበርድ ጋሼ ከፎቶው ፊት ሄዶ ቆመ። ሁለት እጁን ጠመንጃ እንደያዘ ሰው ዘረጋ፤ እጁ ላይ ምንም የለም።

"ምንሽሩን ሸጦ ቢልከው ልጁን፣
ይኸው ያለቅሳል ዘርግቶ እጁን።"

ደጋገመው። ሰዎቹ ተቀበሉት። አቶ ታረቀኝ በምርኩዛቸው ምንጣፉን እየመቱ አለቀሱ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ የቻልኩትን ያህል አለቀስኩ። የውሰት ጠመንጃ የለም፤ የሌባም የለም።

እሑድ፣ ጥቅምት 30

ከቅዳሴ ስመለስ ጋሼ ደወለ። ድምፁ ቀለል ብሎታል። ደህና ተኝቷል፤ ጽጌ ቁርስ ጠይቆ በላ ብላኛለች።

ሐሳቡን ግን አልተወም። ለሙት ዓመቱ ምንሽር ይፈልጋል፤ አሁን ጊዜ አለው፣ በደንቡ ይገዛል። እውነቱን ለመናገር ጠመንጃ እቤቱ ባይገባ ደስ ይለኛል። ጽጌም እንደኔ ነች፤ ከመጣ ቁልፍ ባለው ሳጥን ይቀመጣል፣ ቁልፉም እኔ ጋ ብላዋለች። ተስማምቷል። ከሱቁ ሴትዮ ጋር አስተዋውቂኝ አለኝ፤ ነገ ከሥራ በኋላ እንሂድ፣ ደንቡን ከአፏ ልስማ።

ሱቁ ዋስ አይጠይቅም፣ መታወቂያህንና ፎርሙን ነው የሚፈልጉት፣ ብቻህን ትችላለህ አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ ጋሼ። "አንቺ ግን ነይ።"