የወጥ ቤቱ በርና የሜሮን ሰርግ

ሰኞ

በሩ በመጨረሻ መጣ። ጎረምሶቹ ተጋግዘው ወደ ፎቅ ሲያወጡት ደረጃው አብሮ የሚወርድ መስሎኝ ነበር። ምኑ በር ነው፣ የግድግዳ ቁራጭ እንጂ። ጫልቱ ከኋላ ከኋላቸው እየተከተለች "ጠርዙን አደራ፣ ጠርዙ እንዳይነካ" ትላለች። ሚስቴ ናት፤ ታምሜ በተኛሁ ጊዜ እንኳ እንዲህ ስትጨነቅልኝ አላየሁም።

ምሳ በምንሸጥበት፣ ለሰርግም በምናከራየው አዳራሻችንና በወጥ ቤቱ መካከል የነበረው በር ተራ ጣውላ ነበር። ባለፈው ወር ለቁጥጥር የመጣችው የእሳት አደጋ ባለሙያ በጣቷ አንኳኳችውና "ይህ በር ሳይሆን ማገዶ ነው" አለች። እኔ ተቀየምኩ። ጫልቱ ግን ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና ትጠይቃት ጀመር። ሴትዮዋ ሌላ ቀጠሮዋን እስክትረሳ ድረስ ጠየቀቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ስለ በር እንጂ ስለ ሌላ ነገር አይወራም።

አዲሱ በር ብረት ነው፤ ሆዱ በማይቃጠል ነገር ተሞልቷል። በጠርዙ ዙሪያ ቀጭን ጥቁር ነገር ተለጥፎበታል፤ እሳት ሲነካው አብጦ ክፍተቱን ይደፍናል አሉ። ከላይ ያለው ክንድ ደግሞ ሰው ካለፈ በኋላ በሩን ራሱ ይመልሰዋል። ወጥ ቤቱ ቢቃጠል፣ ሰዉ እስኪወጣ ድረስ እሳቱንና ጭሱን ያቆያል። "ከተዘጋ" ትላለች ጫልቱ። "ከተዘጋ ነው ታዲያ።"

እሑድ የሜሮን ሰርግ ነው። የታላቅ ወንድሜ የግርማ ልጅ። እሱን እኔ ወንድም ጋሼ ነው የምለው። ከአባታችን ሞት በኋላ ያሳደገኝም ያስተማረኝም እሱ ነው። ሰርጉ በእኛ አዳራሽ በመሆኑ ደረቴን ነፍቻለሁ፣ አልዋሽም።

ማክሰኞ

በሩ ገና አንድ ቀኑ ነው፣ የለስላሳ ሳጥን ተደግፎለት ወለል ብሎ ተከፍቷል። አስተናጋጆቹ ናቸው። እውነታቸውን ነው፤ የናዝሬት ሙቀት ያለ ነፋስ አይቻልም፣ ትሪ ይዘው ሲያልፉ ደግሞ በሩ ጀርባቸውን ይመታቸዋል። ጫልቱ ስታይ ዛሬ ጉድ ፈላ አልኩ። አልተቆጣችም። ሽርጥ ታጥቃ የምሳውን ትሪ ራሷ ስታመላልስ ዋለች፤ በሩ የት ጋ እንደሚመታ በራሷ ጀርባ አየችው። ከዚያ ገጣሚውን ጠርታ ክንዱን ቀስ ብሎ እንዲመልስ አስተካከለችው፤ ለወጥ ቤቱ ደግሞ አየር ማውጫ አስገባችለት። ሳጥኑ ወደ ቦታው ተመለሰ። አንድም ሰው አላኮረፈም። እኔ ብሆን ማስጠንቀቂያ እለጥፍ ነበር፣ ሳጥኑም ከማስጠንቀቂያው ሥር እንደቆመ ይቀር ነበር።

ከሰዓት የድምፅ ማጉያው ሰውዬ መሰርሰሪያ ይዞ መጣ። በበሩ መሃል ቀዳዳ አበጅቶ ገመድ ሊያሳልፍ። በአዲሱ በር! ጫልቱ በሩ ላይ ተደግፋ ቆመች፣ "መጀመሪያ እኔን ብሳኝ" አለችው። ሰውዬው ስቆ ገመዱን በሌላ በኩል አዞረው።

ረቡዕ

መጥፎ ቀን ነው።

ወንድም ጋሼ እህል ከሚነግድበት ከሁሩታ መጣ፤ ዲኮር የምትሠራውን ሴትዮ ይዞ። የሙሽሮቹን መድረክ የት እንደሚያቆሙ ሊያዩ ነው። መረጡ። ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ፣ ልክ የድንገተኛ መውጫው በር ላይ። ያ በር በውጭ ደረጃ ወደ ጓሮ ያወርዳል፤ ሌላ መውጫ ደግሞ የለንም፣ ዋናው በር ብቻ ነው፣ እሱም ከወጥ ቤቱ አጠገብ ነው። ሴትዮዋ ከወለል እስከ ጣሪያ የአበባ ግድግዳ ልትሠራበት ነው።

"ጋሽ ግርማ፣ እዚያ ጋ እኮ በር አለ" አለች ጫልቱ።

"ምን ችግር አለው፣ መጋረጃ ይሸፍነዋል።"

"እኔንም ያሳሰበኝ መሸፈኑ ነው።"

ወንድም ጋሼ ሄዶ በሩን ሊከፍት ሞከረ። ሰንሰለት። ዘበኛችን አቶ ደቻሳ ናቸው ያሰሩት፤ ሰርግ በሆነ ቁጥር ያልተጠራ ሰው በጓሮ ደረጃ እየገባ አስቸግሯቸው። ወንድም ጋሼ ሳቀ። "ታዲያ ይኸው፣ እናንተም ዘግታችሁታል" አለ። ጫልቱ ቀላች። ሰንሰለቱን አላየችውም ነበር፤ እኔ ግን አይቼው ነበር፣ ዝም አልኩ።

ከዚያ ነገሩ ከረረ። እሷ መድረኩ ወደ መንገዱ በኩል ወዳለው ግድግዳ ይዙር አለች። እሱ ቪዲዮው አያምርም አለ። እሷ ሙሽራዋ የትም ብትቀመጥ ታምራለች አለች። እሱ ወደ እኔ ዞሮ፣ "መድረኩ እዚህ ካልሆነ ሌላ አዳራሽ እፈልጋለሁ። ያን ጊዜ ደግሞ ደጅህን አልረግጥም" አለኝ። ቀልድ አይደለም፣ ያደርገዋል። ከአጎታችን ጋር በአንድ በሬ ተኳርፎ ቀብሩ ላይ ነው የታረቀው።

"እስኪ እናስብበት" አልኩ። ሁለቱም እኩል ነው የናቁኝ።

ሐሙስ

ልብሴ አሁንም በርበሬ በርበሬ ይላል።

ጠዋት ጫልቱ ለወንድም ጋሼ ራሷ ደወለች። ለሰርጉ የሚቀርበውን ወጥ ቅመሱልኝ፣ ሽማግሌም ይዘው ይምጡ አለች። ድምፅዋ ማር ነበር። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ምሳ ላይ ወንድም ጋሼ ከሁለት ወዳጆቹ ጋር መጣና አዳራሹ መሃል ተቀመጡ። እኔንም አብሬ እንድቀመጥ አዘዘችኝ። የወጥ ቤቱ በር በለስላሳ ሳጥን ተደግፎ ተከፍቷል። ገረመኝ። ጥቂት እንደቆየን አንደኛው ሽማግሌ ሳል አለ። ከዚያ ሁለተኛው። ከዚያ ሁላችንም። ጫልቱ አየር ማውጫውን አጥፍታ፣ ዛላ በርበሬ በእፍኝ ፍም ላይ በትናለች።

የበርበሬ ጭስ የተነፈሰ ያውቀዋል። ዓይን አይገለጥም፣ ጉሮሮ ይዘጋል። ባሏ መሆኔም አላዳነኝም። ዋናው በር ጭሱ በሚመጣበት በኩል ስለሆነ ማንም ወደዚያ አልሄደም፤ ሁላችንም እየተደናበርን ወደ ጓሮው በር ሮጥን። ሰንሰለት። ወንድም ጋሼ በሁለት እጁ ይዞ ይነቀንቀዋል፣ "ቁልፉ ማን ጋ ነው" ይላል። ቁልፉ አቶ ደቻሳ ኪስ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ታች የግቢው በር ላይ ናቸው።

ጫልቱ በእርጥብ ሻሽ አፏን ሸፍና ወጣች። ሳጥኑን በእግሯ ገፋችው፤ በሩ ቀስ ብሎ ራሱ ተዘጋ። መስኮቶቹን ከፈተች። አየሩ ሲጠራ፣ "አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ይቀመጡልኝ" አለችና ተመልሳ ገባች። ሌላ እፍኝ እንደጨመረች በሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት አየን፤ ወጥ ቤቱ በጭስ ታፈነ። እኛ ግን ተቀምጠናል። ትንሽ ሽታ ቢኖር ነው እንጂ ማንም አልሳለም።

ሽማግሌዎቹ እየሳቁ ጎሽ አሉ። ወንድም ጋሼ አልሳቀም። ፊቱን በመሐረብ ጠርጎ፣ ወጡን ሳይቀምስ ወረደ። ከመስኮት ሳየው መኪናውን ሳያስነሳ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ወደ ሁሩታ በሚወስደው በአሰላ መንገድ ሄደ።

"በቃ፣ ወንድሜን አጣሁት" አልኳት። ልጮህባት ነበር። ግን ቀደመችኝ። "አዳራሹ ሰው ሞልቶ፣ ሕፃን ሞልቶ፣ ሁሉም ወደዚያ ሰንሰለት ሲሮጡ ይታየኛል። በአፍ ብነግረው አልሰማኝም" አለች። እኔ ለሰላም ብዬ ሁሉን እሺ የምል ሰው ነኝ፤ እሷ እውነተኛ ነገር ስታይ ዘመድ ይቀየመኛል ብላ ዓይኗን አትጨፍንም። እንደምኮራባት እዚህ መጻፍ አያስፈልግም፣ አንብባ ትኮፈስብኛለች። ጽፌዋለሁ ግን።

ዓርብ

ከወንድም ጋሼ ድምፅ የለም። ደወልኩ፣ አያነሳም። ሜሮን ደወለች፤ አባቷ ትናንት ቤት ሳይገባ ቀጥታ ሁሩታ ወዳለው እህል መጋዘኑ ሄዶ እዚያው አመሸ፣ ሲመጣም ለማንም ምንም አላለም። "አጎቴ፣ ሰርጌ የት ነው?" አለችኝ። ጥሪው ተበትኗል፣ ሙሽራዋ ግን አዳራሿን አታውቅም።

የዛሬ ጭንቀቶቼ፦ ወንድሜ። የሜሮን ለቅሶ። የታዘዘው ሥጋ። አቶ ደቻሳ።

አቶ ደቻሳ የተጨመሩት ጫልቱ ሰንሰለቱን አስቆርጣ፣ ከውስጥ በእጅ ገፋ ሲያደርጉት የሚከፈት፣ ከውጭ ግን የማይከፈት መዝጊያ ስላስገጠመች ነው። እሳቸው እንደተነቀፉ ቆጠሩት። "እኔ ሌባ ስከለክል ጥፋተኛ ልባል?" አሉ። እሷም ደህናውን ወንበርና ጃንጥላ ወስዳ ከጓሮው ደረጃ ግርጌ አስቀመጠችላቸው። "አባ፣ እርስዎ እዚህ ካሉ ሰንሰለት ምን ያደርግልናል? ያልተጠራ ሲመጣ ከዚሁ ይመልሱልኝ፣ የሚወጣ ሲመጣ ያሳልፉልኝ" አለቻቸው። ከሰዓት ሳይ ጃንጥላው ሥር እግራቸውን አነባብረው እንደ ባለሥልጣን ተቀምጠዋል።

ቅዳሜ

ከጠዋት ጀምሮ መስኮት ላይ ነኝ። ጫልቱ "መስኮቱን ጨረስከው" ትለኛለች። እሷም ብትሆን የታጠበ ብርጭቆ ደግማ ታጥባለች።

አራት ሰዓት ሳይሞላ የዲኮሩ መኪና ግቢ ገባ። ሮጬ ወረድኩ። ሴትዮዋን "የት ነው የምትሠሩት?" ብላት እንደ እብድ አየችኝ። "ጋሽ ግርማ በመንገዱ በኩል ካለው ግድግዳ አድርጉት ብለዋል። አልነገሩህም?" አልነገረኝም። ራሱም አልመጣም። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ጫልቱ ስትሰማ በኦሮምኛዋ "ቶሌ"፣ እሺ ማለቷ ነው፣ ብላ ብቻ ወደ ሥራዋ ሄደች። ለቅጽበት ግን በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ስትነካ አይቻታለሁ።

እሑድ

ደክሞኛል፣ ግን ካልጻፍኩ አይሆንም። ሜሮን አማረች። ቪዲዮውም የሚያምር ይመስለኛል።

ወንድም ጋሼ ሲመጣ ጉንጬን ስሞኝ አለፈ። ለጫልቱ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጣት። ከምግቡ በኋላ አጣሁት። ስፈልገው ጓሮው በር አጠገብ አገኘሁት። እንግዶች የስጦታ ካርቶን በሩ ላይ ቆልለውበት ኖሮ፣ የሙሽራዋ አባት ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ አንድ በአንድ እያነሳ ወደ ጥግ ያጓጉዛል። ልረዳው ስል "ተው፣ ጨረስኩ" አለኝ። ጫልቱ ከሩቅ አይታዋለች። የወጥ ቤቱ በር ቀኑን ሙሉ ሲከፈት ሲዘጋ ዋለ፤ ማንም ልብ አላለውም።

ሰኞ

ገና ቁርስ ሳንበላ ወንድም ጋሼ ደወለ። "ለጫልቱ ስጣት" አለ። ከእኔ ጋር ደህና አደርክም አልተባባልን።

በረንዳ ወጥታ አናገረችው። በኦሮምኛ ነበር፤ ወንድም ጋሼ ከልቡ ሲያወራ ኦሮምኛ ነው የሚቀናው። እሷ "ኤ... ኤ..." ትላለች እንጂ ብዙም አልተናገረች። ከዚያ ግድግዳውን ተደገፈች። ስልኩን በእጇ ሸፍና ነገረችኝ።

ሁሩታ ያለው የእህል መጋዘኑ ውስጥ ጫኞቹ ያድራሉ። እህል እንዳይወጣ ማታ ማታ ከውጭ ይቆልፍባቸዋል፤ ቁልፉ የሚያድረው እሱ ትራስ ሥር ነው። መስኮቱ ፍርግርግ ነው። ዘመኑን ሁሉ እንዲህ ነው የኖረው። ሐሙስ ዕለት ያን ሰንሰለት ሲነቀንቅ እነሱ ትዝ አሉት። ከእኛ ዘንድ ወጡን ሳይቀምስ የወጣው ተቀይሞ አልነበረም። ቀጥታ ሄዶ ከፍቶላቸዋል። ከዚያ ወዲህ ከውጭ አልተቆለፈም፤ ግን አሁን እህሉንም ሰዉንም እንዴት እንደሚያደርግ ስላላወቀ፣ ቅዳሜ መጥተሽ እይልኝ ይላታል።

እዚያ መጋዘን ውስጥ እኔም ተኝቻለሁ። ተማሪ ሳለሁ፣ ክረምት ክረምት፣ ጆንያ ላይ። ቁልፉ ከውጭ ሲዞር ድምፁን እየሰማሁ ነበር የምተኛው። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ክፉ ነገር መሆኑ ታስቦኝ አያውቅም።

ጫልቱ ስልኩን ሰጠችኝ።

"ቅዳሜ አብረሃት ና" አለኝ ወንድም ጋሼ። "ተኝተህበት ታውቃለህ። በሩ የት ጋ ቢሆን እንደሚሻል ከእኔ አንተ ታውቃለህ።"

እሺ አልኩት።