የፊልትሮው ሹም ሽር

ዐቂል፣

በዚህ ቤት ለሚኖሩ ሁለት ዜጎች በሙሉ፦ ዘይት የሚቀባው የመኪናችን የአየር ፊልትሮ ከዛሬ ጀምሮ ከሥልጣኑ ተነሥቶ፣ ደረቁ የወረቀት ፊልትሮ በምትኩ መሾሙን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ።

እኔ በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወርጃለሁ። ቁልፉ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነው። አዲሱን ፊልትሮ ውሃ እንዳታስነካው፤ አቧራ ሲይዝ አራግፈው፣ ሲጠቁር ቀይረው። በርሜሉን ውሃ ሞልቼልሃለሁ።

ሌላም ነገር አለ።

እናትህ ያረፉ ዕለት መኪናዋ ኩታበር መንገድ ላይ ቀጥ ስትል «ቤንዚኑ ነው» ብዬህ ነበር። ቤንዚኑ ደህና ነበር። በፊተኛው ቀን ፊልትሮውን አጥቤ በዘይት ያጠገብኩት እኔ ነኝ፤ ያኔውኑም ጠርጥሬ ነበር። መካኒኩ ትናንት ሲፈታው ዘይቱ ወደ ውስጥ ተስቦ አየር የሚለካውን ሴንሰር አልብሶት አገኘው፤ ሞተሩን ያጠፋው እሱ ነው።

«ደረቁን እንግዛ፣ አንተ ዘይት ስትይዝ ወጥ የምትሠራ ይመስልሃል» ስትለኝ፣ ስለ ሞተር ጉልበት ሌክቸር የሰጠሁህም እኔው ነኝ።

ስንደርስ ሰዉ ከመቃብር እየተመለሰ ነበር። ጀናዛ ሳይቀበር እንደማይቆይ አውቃለሁ፤ ወሎ ነው ያደግሁት።

አንተ ግን ትከሻዬን ይዘህ «አብሽር ምንይሉ፣ መኪና ነው፣ ይበላሻል» አልከኝ። እናቱን ሳይቀብር የቀረው አንተ፣ የተጽናናሁት እኔ።

ወር ሙሉ ከአንድ ትሪ እየበላን ለምን ዝም እንዳልኩ ትጠይቀኛለህ።

አልናገርም፤ የምለው ሁሉ ሰበብ ይሆናል።

ምንይሉ